ሙያ ከጎረቤት

«ሙያ ከጎረቤት» ይላል ያገራችን ሰው። አባባሉ አጭር ነው፤ በውስጡ ግን ሦስት ነገር ይዟል። አንደኛ፣ ሙያ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ ነገር ነው፤ ከሰማይ አይወርድም። ሁለተኛ፣ የሚያስተላልፈው ሰው ሩቅ ያለ ጌታ አይደለም፤ አጥር የሚጋራን፣ እሳት የምንጫጫረው፣ ችግሩ ችግራችን የሆነ ሰው ነው። ሦስተኛ፣ ከጎረቤቱ የተማረ ሰው ተራው ሲደርስ እሱም ለጎረቤቱ ማሳየት ይጠበቅበታል። አለዚያማ ምኑን ጉርብትና ሆነ!

በዚህ ጽሑፍ የምናነሳው ጥያቄ ከዚሁ አባባል የሚመዘዝ ነው። ድሃ አገር ከድሃ አገር ሙያ ሊማር ይችላልን? ቢማርስ ምን ዓይነት ዕዳ ይኖርበታል? ደግሞስ ሙያ የተማረው ወጣት ሥራ አጥቶ ቢቀመጥ ተጠያቂው ማን ነው? ይኼ የኢኮኖሚክስ ተማሪዎች ጣጣ ነው የሚለን አይጠፋም። እኛ ግን የሥነ ምግባር ጥያቄ ነው ባዮች ነን። ሙያ ማስተማርም ሆነ ሠራተኛን ከሥራ ማገናኘት ከሁሉ አስቀድሞ ሰው ሰውን በምን ዓይን ያያል በሚለው ላይ የቆመ ነውና። ምስክር ፍለጋም ሩቅ አንሄድም። ደባርቅን፣ ዳባትንና የስሜንን ግርጌ እንጠይቃለን።

በመጀመሪያ ግን ነገሩን ከሰፊው ዓለም እንያዘው። በ1971 ዓ.ም. መስከረም 2 ቀን (እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 12 ቀን 1978) የ138 አገሮች መልእክተኞች አርጀንቲና፣ ቦነስ አይረስ ላይ ተሰብስበው በታዳጊ አገሮች መካከል የሚደረገውን የቴክኒክ ትብብር የሚመለከት የሥራ ዕቅድ አጸደቁ። እስከዚያ ድረስ ዕውቀት እንደ ፏፏቴ ከላይ ወደ ታች፣ ከሀብታሙ ወደ ድሃው ብቻ የሚወርድ ነገር ተደርጎ ይቆጠር ነበር። ዕቅዱ ግን ድሆቹ አገሮች እርስ በርሳቸው ይማማሩ፣ ባለሙያ ይለዋወጡ፣ አንዱ የሥልጠና በሩን ለሌላው ይክፈት አለ። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ዛሬም ያንን ዕለት በየዓመቱ ያስባል። በአጋጣሚ መስከረም 2 እኛ ዘንድ የአብዮቱ 4ኛ ዓመት የተከበረበት ቀን ነበር፤ ለበዓሉም ፊደል ካስትሮ አዲስ አበባ መጥተው ነበር። በዚያው ዘመን በሶማሊያ ጦርነት አባቶቻቸውን ያጡ ልጆችና ሌሎች ኢትዮጵያውያን ታዳጊዎች በሺህ እየተቆጠሩ ኩባ ወደሚገኘው የወጣቶች ደሴት ተልከዋል። የደሴቲቱ ትምህርት ቤቶች ደንብ ትምህርትንና ሥራን ያጣመረ ነበር፤ ተማሪው የቀኑን ግማሽ ከመጽሐፍ ጋር፣ ግማሹን ከፍራፍሬ እርሻው ጋር ያሳልፋል።

የስሜን ገበሬ ይህን ሁሉ ቢሰማ «ይኼማ ወንፈል ነው» ሳይል አይቀርም። ወንፈልን ለማያውቅ የከተማ ልጅ እናስረዳ። ደቦ ሌላ ነው፤ ደቦ ባለቤቱ ደግሶ የሚጠራው ነው፤ የመጣው ሰው ሠርቶ፣ በልቶ፣ ጠጥቶ ይሄዳል። ወንፈል ግን ቀን በቀን ነው። ዛሬ አንተ የእኔን ገብስ ታጭዳለህ፣ ነገ እኔ ያንተን አጭዳለሁ። ሕጉ ባይጻፍም ሦስት አንቀጽ አለው። አንደኛው፣ ማንም ሰው ማጭዱን ይዞ ይመጣል። ሁለተኛው፣ የተበደሩት ቀን በቀን ይከፈላል። ሦስተኛው፣ ሰልፉ ውስጥ የገባ ሁሉ እኩል ነው፤ ብዙ በሬ ያለውም በሬ የሌለውም በአንድ መስመር ጎንበስ ብለው ያጭዳሉ። የሰው ቀን በልቶ የቀረ ሰው በከርሞው አይጠራም።

እንግዲህ ሐሳባችንን ሳንሸሽግ እናስቀምጥ። በድሃ አገሮች መካከል የሚደረግ የሙያ ትብብር የወንፈልን ሕግ ከጠበቀ ክቡር ነገር ነው። ካልጠበቀ ግን ስሙ ብቻ የተለወጠ ምጽዋት፣ ከዚያም ከከፋ ስሙ ብቻ የተለወጠ ንግድ ይሆናል። ይህንንም አባባላችንን ከተራራው ሥር በሦስት ምስክሮች እናስረዳ።

የመጀመሪያው ምስክር ከሌላ ተራራ፣ ከኪሊማንጃሮ ሥር የመጣ ነው። ታንጋኒካ ነፃ በወጣች በሁለተኛው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1963፣ ሞሺ ከተማ አጠገብ ምዌካ በምትባል ቦታ የአፍሪካ የዱር እንስሳት አስተዳደር ኮሌጅ ተቋቋመ። ዓላማው የአፍሪካን ፓርኮች የሚያስተዳድሩ አፍሪካውያንን ማሠልጠን ነበር። በዚያ ዘመን የፓርክ ሹም ሲባል በብዙ አገር ከባሕር ማዶ የመጣ ነጭ ማለት ነበርና ነገሩ ቀላል አልነበረም። በስሜንም የመጀመሪያው የፓርክ ሹም የውጭ አገር ሰው ነበር። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1962 ዓ.ም. በሕግ ከተቋቋመ በኋላ ግን የአገራችን የዱር እንስሳት ባለሙያዎች ወደ ምዌካ እየተላኩ ሠልጥነው መጥተዋል። የሚያስተምራቸው አገርም እንደኛው ድሃ ነው፤ በጀቱ ቀጭን ነው፤ በፓርኩ ዳር ከብት የሚያግድ፣ እርሻ የሚያርስ ሕዝብ አለው። ችግሩን መጽሐፍ ላይ ያነበበ መምህርና በየቀኑ ከችግሩ ጋር የሚውል መምህር አንድ አይደሉም። የምዌካ ጥቅም እዚህ ላይ ነው። ሙያ ከጎረቤት ማለትም ይኸው ነው።

ታዲያ ምዌካ የሰጠው ዕውቀት ደባርቅ ደርሶ እዚያው ቆመ ወይስ ወደ ተራራው ወጣ? እዚህ ላይ ግጭን ማንሳት ግድ ነው። የስሜን ተራሮች እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት ከመጀመሪያዎቹ 12 ቦታዎች አንዱ ሆኑ። በ1996 በአደጋ ላይ ካሉት መዝገብ ውስጥ ገቡ። በ2017 ደግሞ ከዚያ መዝገብ ወጡ። ከመውጣቱ በፊት ከተደረጉት ነገሮች አንዱ በ2016 የግጭ መንደር ነዋሪዎች ከፓርኩ ውስጥ ተነሥተው ደባርቅ ከተማ ዳር መስፈራቸው ነው። ገብስ ሲዘራና በግ ሲያረባ የኖረ አባወራ በአንድ ዓመት ውስጥ የከተማ ሰው ሆነ። ቤት ይሠራል፣ ካሣ ይከፈላል፤ ሙያስ? የ50 ዓመት ጎልማሳ፣ ብርድን በፀሐይ አወጣጥ የሚያውቅ፣ ዋልያና ጭላዳ የሚውሉበትን ገደል በስም የሚጠራ ሰው፣ በከተማ ሚዛን «ሥራ ፈላጊ» ተብሎ ይመዘገባል። ቅርሱ የዓለም ነው ከተባለ ዓለም የዚህን ሰው ቀን ተበድሯል ማለት ነው። በወንፈል ሕግ የተበደሩት ቀን በቀን ይከፈላል። የግጭ ሰው ማሳውን ለሰው ልጆች ሁሉ ሲል ለቋል፤ ብድሩም በካሣ ብር ብቻ የሚወራረድ አይመስለንም። እሱና ልጆቹ ሊኖሩበት የሚችሉትን ሙያ ማግኘት አለባቸው። ለዚህ ዓይነቱ ሰው የሚሆን ሥልጠና ደግሞ ከበለጸገ አገር መጽሐፍ አይገኝም። ሕዝባቸውን በፓርክ ምክንያት ያነሡ፣ ጥፋቱንም ልማቱንም ያዩ የኬንያ፣ የታንዛኒያ፣ የኡጋንዳ ሰዎች ቢጠየቁ ግን የሚሉት ይኖራቸዋል።

ሁለተኛው ምስክር የሚናገረው ነገር ይመራል። በስሜን፣ በደምቢያ፣ በወገራና በጎንደር ዙሪያ ለዘመናት ማረሻውንና ማጭዱን የሚቀጠቅጡት፣ ምጣዱንና እንስራውን የሚሠሩት በአብዛኛው ቤተ እስራኤሎች ነበሩ። ርስት የተነፈገ ሕዝብ በእጁ ይኖራል። ገበሬው ማጭዱን ከእጃቸው ይቀበልና ማታ በእሳት ዳር «ቡዳ ናቸው፣ ጅብ ሆነው ይመጣሉ» ይላል። እስቲ እናስተውለው! ያለ እነሱ ብረት እህል አይታጨድም፤ እህሉን የበላው አፍ ግን እነሱን ይረግማል። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ባለ እጅን በእጁ ሥራ መስደብን ከልክለው ነበር። አዋጁ ጥሩ አዋጅ ነበር፤ የእሳት ዳር ወሬን ግን አዋጅ አያቆመውም። በመጨረሻ እነዚያ ሰዎች ሄዱ። በ1977 ዓ.ም. በሱዳን በኩል፣ በ1983 ዓ.ም. ግንቦት ደግሞ ከ14,000 በላይ የሚሆኑት በ36 ሰዓት ውስጥ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ተወሰዱ። የሄዱበት ምክንያት ብዙ ነው፤ የሃይማኖት ናፍቆት አለበት፣ ረሃብና ጦርነት አለበት። ንቀቱ ግን አልነበረበትም የሚል ካለ እሱ ታሪክ አያውቅም። ከእነሱ ጋር ስንት የብረትና የሸክላ ዕውቀት እንደሄደ የቆጠረ የለም። ከዚያ በኋላ ወናፉ የቀዘቀዘበት መንደር ጥቂት አይደለም።

ይህን ያነሳነው ለቁጭት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2021 አዲስ አበባ በሚገኘው የፌዴራል የቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛ ኢንስቲትዩት ግቢ ከቻይና ቲያንጂን ከተማ በመጣ ትብብር አንድ የሥልጠና ማዕከል ተከፈተ። ስሙ ሉባን ወርክሾፕ ይባላል። ሉባን ማን ነው? ከ2,400 ዓመት በፊት የኖረ አናጺ ነው። ቻይናዎች የአናጺዎቻቸውን አባት ስም በዓለም ዙሪያ በየማሠልጠኛቸው በር ላይ ይጽፋሉ። የእኛው ቀጥቃጭ ስሙ ቡዳ ነበር። እዚህ ላይ ከቻይና የምንማረው የመጀመሪያው ሙያ ከማሽኑ በፊት ያለው ነው፤ ይኸውም ባለ እጅን ማክበር ነው። ሕንዶቹም ከእ.ኤ.አ. 1964 ጀምሮ ለታዳጊ አገሮች ሠራተኞች የቴክኒክ ሥልጠና ይሰጣሉ፤ የእነሱው ጋንዲ በ1937 ትምህርት ሁሉ በእጅ ሙያ ዙሪያ ይገንባ ብሎ ሲነሳ ሙግቱ ከዚሁ ንቀት ጋር ነበር። የታንዛኒያው ኔሬሬም በ1967 ስለ ትምህርትና ራስን ስለመቻል በጻፉት ጽሑፍ ከእርሻ የሚያፈናቅል ትምህርትን ተቃውመዋል። ጎረቤቶቻችን እኛን የገጠመን በሽታ ገጥሟቸው፣ ቢያንስ ስሙን ጠርተውታል።

በእኛ ዘንድ በሽታው ዛሬም መልኩን ለውጦ አለ። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ውስጥ ግማሹንና ከዚያ በላይ ውጤት ያገኙት ከመቶ 3.3 ገደማ ብቻ ነበሩ። በየቤቱ ለቀሩት የተነገራቸውን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ «እንግዲህ ምን ይደረግ፣ ቴክኒክና ሙያ ይግባ»። «ምን ይደረግ» የምትለዋ ቃል ትታይልን። ለቅሶ ቤት የምትነገር ቃል ናት። ሙያ የፈተና ቅጣት ሆኖ የቀረበለት ወጣት ሙያውን እንዴት ይወደዋል? ደግሞስ የትኛው የውጭ አገር ትብብር ነው ገና ከበሩ በሐዘን የገባን ሠልጣኝ ባለሙያ አድርጎ የሚያወጣው? የወንፈል ሦስተኛው አንቀጽ ይህን ይላል፤ ሰልፉ ውስጥ የሚናቅ ሰው ካለ ሰልፉ ፈርሷል።

ሦስተኛው ምስክር ሠራተኛንና ሥራን ስለማገናኘት ነው። በዚህ ነገር ከደባርቅ አንድ ጥሩ፣ ከቆላው አንድ ክፉ ትምህርት እናገኛለን። ጥሩውን እናስቀድም። ስሜንን ሊጎበኝ የመጣ እንግዳ ደባርቅ ባለው የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ይመዘገባል። ጠመንጃ የያዘ ስካውት፣ አስጎብኚ፣ ወጥ ሠሪ፣ በቅሎና በቅሎ ነጂ ይዞ ይወጣል። በቅሎ ነጂው የሚመደበው በተራ ነው። ፊቱ ያማረ፣ እንግሊዝኛ የሚሞክር፣ ዘመድ ያለው መሆኑ አይታይም፤ ተራው የደረሰ ይሄዳል። ይኼ ተራ የሚባለው ነገር ተንቆ እንዳይታለፍ። የሥራና ሠራተኛ አገናኝ መሥሪያ ቤት ማለት በመሠረቱ ይኸው ነው። ሥራው ማን ዘንድ እንዳለ የሚያውቅ፣ ሠራተኛው ማን እንደሆነ የመዘገበ፣ ሰውን ሳይሸጥ የሚያገናኝ ሥርዓት ነው። የተራራው ሰዎች ያለ ብዙ ወረቀት አቋቁመውታል።

አሁን ወደ ቆላው እንውረድ። በክረምት ለአረም፣ በመስከረምና በጥቅምት ለሰሊጥ አጨዳ ከዳባት፣ ከደባርቅና ከሌላውም ደጋ ወጣቱ ወደ መተማና ወደ ሁመራ ይወርዳል። እዚያ «ሳሉግ» ይባላል። የሚቀበለው ደላላ ነው። ውል የለም፤ ዋጋው ጧት በአደባባይ፣ እንደ ሸቀጥ በጩኸት ይቆረጣል። ደጋ ተወልዶ ያደገ ሰውነት የቆላውን ወባ አያውቀውም። ካላዛር የሚባለው በሽታ ደግሞ በአሸዋ ዝንብ ንክሻ ገብቶ፣ ሆድ አሳብጦ፣ ሥጋ አክስቶ፣ ካልታከመ ይገድላል። ጎንደር ሆስፒታል ለዚህ በሽታ የተለየ የሕክምና ማዕከል እስከማቋቋም የደረሰው በሽተኛው ብዙ ስለሆነ ነው። ከእነዚያ በሽተኞች ብዙዎቹ ከደጋ ሥራ ፍለጋ የወረዱ ልጆች ናቸው። አንድ ሰው «እዚህ ቦታ ስትሄድ አጎበር ያዝ፣ ደመወዝህ ይህን ያህል ነው፣ ካልተከፈለህ እዚህ ክሰስ» ብሎ ቢመዘግባቸው ስንቱ ይድን ነበር! ሥራ ማገናኘት የቢሮ ጉዳይ ብቻ ነው የሚል ሰው ካለ የሕይወትና የሞት ጉዳይ መሆኑን ከዚህ ይረዳ።

የቆላው ደላላ ክንፍ ሲያወጣ ደግሞ ወደ ዐረብ አገር ይበራል። በ2006 ዓ.ም. ከሳዑዲ ዐረቢያ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን በጥቂት ወራት ውስጥ ተመለሱ። ከዚያ በኋላ የወጣው አዋጅ ቁጥር 923/2008 ወደ ውጭ የሚሄድ ሠራተኛ 8ኛ ክፍል የጨረሰና በሙያው የተመዘነ እንዲሆን ጠየቀ፤ ከተቀባይ አገሮችም ጋር የሁለትዮሽ ስምምነት እንዲኖር አዘዘ። ጥሩ ነው። ነገር ግን ፊሊፒንስን እንይ። ይህች አገር እ.ኤ.አ. በ2006 መጨረሻ የቤት ሠራተኞቼ ወርኃዊ ደመወዝ ቢያንስ 400 የአሜሪካን ዶላር ይሁን ብላ ወሰነች። ውሳኔው ሁልጊዜ ተከበረ ባይባልም ቁጥሩን ጮክ ብላ ተናገረችው። ኢትዮጵያ፣ ኬንያ፣ ኡጋንዳ፣ ኔፓል፣ ፊሊፒንስ የየልጆቻቸውን ጉልበት ለአንድ ገበያ ያቀርባሉ። አንዱ ዋጋ ሲጨምር ሌላው ዝቅ ካደረገ የሚያተርፈው ገዢው ብቻ ነው። ሁሉም በአንድ ዋጋ፣ በአንድ ውል፣ በአንድ የቅሬታ መዝገብ ቢስማሙ ግን ወንፈል ገቡ ይባላል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው ተረት የተተረተው ለዚህ ዓይነቱ ነገር ነው።

እዚህ ላይ ጓደኞቻችን የሚያነሱትን ተቃውሞ ማለፍ አይገባም። ጠንከር ያለ ተቃውሞ ነውና። «ወንፈል በሬ አይወልድም» ይላሉ። «ሁላችሁም ማጭድ ይዛችሁ ብትሰለፉ፣ የሚታጨድ እህል ከሌለ ምን ዋጋ አለው? ድሃ ከድሃ ቢማር ድህነትን ከመለዋወጥ በቀር ምን ያተርፋል? ደግሞ የደባርቁ ተራም ቢሆን እንግዳ ከሌለ ባዶ ስም ነው።» እውነት አላቸው። በ2012 ዓ.ም. ወረርሽኙ መጣ። በ2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ተነሣ። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ደግሞ በክልላችን ሌላ ግጭት ተቀሰቀሰ። እንግዳው ሲጠፋ በቅሎ ነጂው ተራውን ይዞ ቁጭ አለ። ተራ ያለውን ሥራ በፍትሕ ያካፍላል እንጂ የሌለ ሥራ አይፈጥርም። ሥልጠናም እንዲሁ ነው። ሥራ በሌለበት መቶ ብየዳ ሠራተኛ አሠልጥኖ ማስመረቅ መቶ ወጣት ላይ ተስፋ ጭኖ መሸኘት ነው፤ እንዲህ ያለ ተስፋ ደግሞ ሸክም ነው።

ስለዚህ ተቃውሞውን በከፊል እንቀበላለን። ሰላም፣ ካፒታልና ገበያ የወንፈል ልጆች አይደሉም። ይሁንና ተቃዋሚዎቻችን አንድ ነገር ዘንግተዋል። ገበሬ ወንፈል የሚገባው እህል ስለሞላው አይደለም፤ ዝናብ ሳይመታበት ያለችውን አጭዶ ለማግባት ብቻውን ስለማይችል ነው። ድህነት የትብብር ምክንያት ነው፤ የትብብር መከልከያ አይደለም። ደግሞም ከድሃ የሚማሩት ሙያ አንድ ብልጫ አለው፤ በድሃ አቅም የሚጠገን ነው። መለዋወጫው ከባሕር ማዶ ካልመጣ የማይንቀሳቀስ መሣሪያ ያለበት ማሠልጠኛ አዳራሽ ከቆለፉት ጎተራ አይለይም። ሠልጣኝን ከሥራ አስቀድሞ መቁጠር የሚያመጣውን ጥፋት በተመለከተም መልሱ ያው ወንፈል ነው። በወንፈል መጀመሪያ የሚጠየቀው «የማን ማሳ ደረሰ?» ተብሎ ነው። ማጭድ የሚሳለው ከዚያ በኋላ ነው። ማሠልጠኛዎቻችንም መጀመሪያ ማሳውን ይጠይቁ። ለደባርቅ ገብስና ድንች ምን ማሽን ያስፈልጋል? ለበቅሎው ጭነት ማን ይሰፋል? የበግ ቆዳና ሱፍ የት ይሄዳል?

ጎረቤት ስንል ደግሞ ምዌካንና ቲያንጂንን ብቻ ማለታችን አይደለም። ዳባት አጠገብ አለምዋጭ የሚባል የስደተኞች ጣቢያ አለ። ጦርነቱ ሲነሣ በማይ ዓይኒና በአዲ ሐሩሽ ከነበሩት ጣቢያዎች የተፈናቀሉ ኤርትራውያን የሰፈሩበት ነው። የዳባት ሰውም ራሱ ቁስለኛ ነው። በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ መጨረሻ ጦርነቱ ጭና ድረስ ደርሶ ሰላማዊ ሰዎች አልቀውበታል። ሐዘንተኛ አገር ስደተኛ ተቀበለ ማለት ነው። አዋጅ ቁጥር 1110/2011 ዕውቅና ያገኘ ስደተኛ ሠርቶ የማደር መብት እንዳለው ደንግጓል። ከአንድ ሕዝብ መካከል የተሰደደ ሰው ሁሉ ባዶ እጁን አይመጣም፤ መካኒክ አለበት፣ አናጺ አለበት፣ ልብስ ሰፊ አለበት፣ ነርስ አለበት። ቦነስ አይረስ ላይ በ138 አገሮች የጸደቀው ነገር ዳባት ላይ በሁለት ሰፈር መካከል ሊፈተን ይችላል። የዳባት ወጣት ከስደተኛው መካኒክ ሥራ ቢማር፣ ስደተኛው ከዳባት ገበሬ መሬትና ገበያ ቢጋራ፣ ሚኒስትር ሳይፈርም ትብብር ተደረገ ይባላል። ካልሆነ ግን ሁለቱም አንድ የእርዳታ ስንዴ ሲጠብቁ አንዱ ሌላውን እንደ ተሻሚ ያያል። የአለምዋጭ አጥር የሚፈትነን ይህን ነው፤ ጎረቤት ነን ወይስ ተቀራርበን የተቀመጥን ተፎካካሪዎች?

ከዚህ ሁሉ በኋላ ምን ይደረግ የሚለውን በአጭሩ እንበል። ወደ ውጭ ተልኮ የሠለጠነ ሰው የተማረበትን ያህል ጊዜ በወረዳው ያስተምር፤ ይህ የቀን ብድር ነው። የቆላው የሰሊጥ ሥራ የደባርቅን የበቅሎ ተራ የመሰለ መዝገብ ይኑረው፤ መዝገቡም ደጋ ላይ፣ ከቤት ሳይወጣ ይከፈት። ዲግሪ የሌለው ቀጥቃጭና ሸክላ ሠሪ በማሠልጠኛ ውስጥ በመምህርነት ይቁም፤ ደመወዙም የመምህር ደመወዝ ይሁን። ከሌላ አገር ጋር ስንፈራረም የምንቀበለው ብቻ ሳይሆን የምንሰጠውም ይጻፍ። ለምሳሌ በ3,000 ሜትር ከፍታ ገብስ የማብቀል ዕውቀት፣ በቅሎን በገደል የመንዳት ዕውቀት፣ በተራ የመከፋፈል ዕውቀት የእኛ ማጭዶች ናቸው። ባዶ እጁን የሚሄድ ሰው ወንፈል ገባ አይባልም፤ ለመነ ይባላል።

እኛስ? የቋንቋ፣ የታሪክና የፍልስፍና ተማሪዎች ነን፤ ብየዳ አናውቅም፣ በሬ አንጠምድም። ሰልፉ ውስጥ ይዘን የምንገባው ማጭድ ምንድን ነው ተብለን ብንጠየቅ መልስ አለን። ማሠልጠኛዎቻችን የሚያስተምሩበት መጽሐፍ በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ነው። ቀጥቃጩ ግን ለወናፉ ለእያንዳንዱ ክፍል፣ ለብረቱ የሙቀት ደረጃ ሁሉ፣ ሸማኔው ለእያንዳንዱ ክር የራሱ ቃል አለው። እነዚያን ቃላት ከአፋቸው ሰብስቦ፣ አጣርቶ፣ ሠልጣኙ በሚገባው አማርኛ መጽሐፍ ማድረግ ጨረታ የማይጠብቅ፣ ከአንድ ደብተርና ከአንድ እርሳስ በላይ የማይጠይቅ ሥራ ነው። ሸማግሌዎቹ ሳይሄዱ፣ ወናፉ ሳይቀዘቅዝ መሠራት አለበት። ወለቃ ላይ ዛሬም ጥቁር ሸክላ ለመንገደኛ ይሸጣል፤ አንዲት ሸክላ ሠሪ ጭቃውን ስታቦካ የምትለውን ጽፎ ያስቀመጠ ተማሪ የአንድ ቀን ወንፈሉን ከፍሏል።